ላፍቶ፦ ከአሥር ዓመት በኋላ የደረስኩት ለቅሶ

ላፍቶ የሚባለውን ሠፈር ከእናንተ መካከል ያየው የለም፤ ወደፊትም የሚያየው ያለ አይመስለኝም። የደሴ ሰው አዲስ አበባ ቢሄድ እንኳ መርካቶን አይቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይመለሳል እንጂ ከከተማው ደቡብ ጫፍ፣ ከንፋስ ስልክ ወዲያ ማዶ ጭቃ ሊያቦካ ማን ይወርዳል? እኔ ግን ወረድኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባው ሁሉ «አሥር አለቃ፣ ኒሻንህን ይዘህ ሄደህ ነበር አሉ፤ እንዴት አድርገው አከበሩህ?» እያለ ስላስቸገረኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ ብዬ ይኸው ጻፍኩት። እንዴት እንዳከበሩኝ ታዩታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊ ከመሆኔ በፊት ኮርያ ዘምቻለሁ። ዘንድሮ እዚያ ተኩስ ከቆመ አሥር ዓመት ስለሞላው፣ ሐምሌ ሃያ ቀን የሞቱት ጓደኞቻችን ባረፉበት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ስለሚደረግ፣ ዘማች የሆነ ሁሉ ኒሻኑን አድርጎ እንዲገኝ ጥሪ ደረሰን። ለሰው የነገርኩት ይህንኑ ነው። የሄድኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። በቀለ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የላፍቶ ልጅ። ተኩሱ ሊቆም ነው እየተባለ ሲወራ፣ ሁላችንም ለነፍሳችን ስንሳሳ፣ አንድ ቀን ለቅኝት የመውጣት ተራ ደረሰኝ። «ሆዴን ቆረጠኝ» አልኩ። ሆዴ ደህና ነበር። በቀለ «ተኛ፣ እኔ እወጣልሃለሁ» ብሎ ወጣ፤ በቃሬዛ መለሱት።

ሬሳው አገሩ ገብቶ ተቀብሯል፤ እናቱም መርዶውን ያኔውኑ ሰምተዋል። እኔ ግን ለቅሶ አልደረስኩም። አሥር ዓመት ሙሉ! ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ለእናንተ አልነግርም። ግን ምን ብዬ ልድረስ? እናት «ልጄ እንዴት ሞተ?» ማለቷ አይቀርም። ይህን ጉዴን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። «ሂድና ንገራቸው፤ ወይ ይርገሙህ ወይ ይማሩህ፣ እኔም ከመቃዠትህ ልረፍ» አለችኝ። ካኪዬን ተኩሳ፣ ኒሻኖቼን በጨርቅ ጠቅልላ ሸኘችኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

አውቶቡሱ ከደሴ ሲነሣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም ነበር። የደረሰኝ ወንበር ጎማው ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ እስክንወርድ ወገቤ ተቆረጠ። አጠገቤ የከሚሴ ሴት፣ የቅቤ ነጋዴ፣ ቅሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከሚሴ ትወርዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ እስከ ሸዋ ሮቢት ነው መንገዷ። ቆላው ሲሞቅ ቅቤዋ ቀልጦ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። «አይዞህ፣ ለደረቀ ቆዳህ መድኃኒት ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ይደረጋል፣ ሳቅኩ።

ሮቢ ወንዝ ስንደርስ ሞልቷል። ሾፌሩ ወርዶ ውሃውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መሪው ላይ ተኛ። ውሃው እስኪጎድል ከአራት ሰዓት በላይ ዳገቱ ላይ ተቀመጥን። የቅቤ ነጋዴዋ ቴምር አውጥታ አካፈለችኝ፤ እኔም ጉዳዬን ግማሹን አጫወትኳት። ተራዬ እንደነበረ አልነገርኳትም፤ ለጓደኛዬ ለቅሶ እንደምሄድ ብቻ ነው። «አሥር ዓመት ቆይተህ?» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ መከረችኝ። «ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ዝም ብሎ አይገባም፤ ንቀት ነው። ከሩቅ እያለቀስክ ግባ። ደግሞ የወታደር ልብስህን ልበስ፣ ልጃቸውን እንዲያዩብህ።» ምክሩ ልክ ነው። በእኛም አገር ወጉ ይኸው አይደል? አመሰገንኳት።

ደብረ ሲና የደረስነው መሽቶ ነው። ያሳደሩኝ ወይዘሮ እርጥብ ካልሲዬን ከእግሬ ላይ አስወልቀው ፍም ዳር አሰጡልኝ፤ ሽሮም አቀረቡልኝ። ሽሮው በርበሬ ያንሰዋል፤ የደሴ ሽሮ የለመደ አፍ አይጠግብም። ሴትዮዋ ግን ደግ ናቸው፤ ጠዋት ካልሲዬን ደርቆና ተጥፎ አገኘሁት። ቁንጫው ግን ለብቻው አንድ ሻለቃ ጦር ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። የእኛ የጦሳ ጉም እኮ ጨዋ ነው፤ ተራራው ላይ ተቀምጦ ያያችኋል። የጣርማ በሩ መስኮት ይገባል። ሾፌሩ በየመታጠፊያው ያማትባል፤ ተሳፋሪው ጸጥ። ዋሻውን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ደብረ ብርሃን ጥብስ በላሁ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሸኖ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ወርደን ዝናብ መታን።

አዲስ አበባ ስንገባ እንደዚያው ያካፋ ነበር። ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ አልጋ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ «ለማደር ነው ወይስ ለጥቂት ሰዓት?» አለችኝ። ገብቶኝ ፊቴ ቀላ። «ለማደር! ብቻዬን!» አልኩ። እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ስትስቅ ሰማኋት። ደሴ ቢሆን ይህን የሚጠይቅ ቢኖርም በጆሮ ነው የሚንሾካሾከው። ካኪዬን ከወንበሩ ጀርባ ሰቅዬ፣ ነገ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም ስላሉኝ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ካኪዬን ለበስኩ፣ ኒሻኖቼን አንጠለጠልኩ። የመጀመሪያው የከተማ አውቶቡስ አንድ ቦታ ጣለኝ፤ ከዚያ በጋሪ እስከ ንፋስ ስልክ ሄድኩ። ባለጋሪው «ከዚህ ወዲያ ፈረሴን አልገድልም» ብሎ ቆመ፤ የቀረው በእግር ነው። ዋልካውን ልንገራችሁ! የደሴ ጭቃ ያንሸራትታል እንጂ ይለቃል። የላፍቶው ጥቁር ጭቃ የያዘውን አይመልስም። ግራ ጫማዬን ዋጠው፤ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት፤ ሶሉ ግን እዚያው ቀረ። ዙሪያው እርሻ ነው፤ ጤፍ ሊዘራበት የለሰለሰ ማሳ፣ አልፎ አልፎ ቆርቆሮ ቤት። በማረስ ላይ ያለ ገበሬ የበቀለን እናት ቤት ብጠይቀው «የኮርያው ልጅ እናት?» አለኝና ከወንዙ ማዶ ትልቁን ግራር በጅራፉ አመለከተኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ምንም አልጨመረም። ያን አስተያየቱን ልብ ማለት ነበረብኝ።

ወንዙን ተሻግሬ ግራሩ ሥር ስደርስ ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ «ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!» እያልኩ ወደ ግቢው ገሰገስኩ። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ፤ አሥር ዓመት የታመቀ ልቅሶ ነበር፤ ዕንባዬ መንገዱን ጋረደኝ።

መጀመሪያ ውሻ ጮኸ። ከዚያ አንዲት ሴት «ዋይ! ዋይ! መጡ!» ብላ ጮኸች። ከየአጥሩ ሰው ፈሰሰ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸው እየተጎተተ ከእኔ ቀድመው ግቢው ገቡ። እኔ ሞኙ ደግሞ «ወይ ደጎች! አሥር ዓመት አልፎትም እንዲህ ያለቅሱለታል!» ብዬ ልቅሶዬ ባሰ።

የበቀለ እናት፣ እማማ አስካለ፣ ከቤት ወጡ። ቀጭን ናቸው፤ ዕለቱ የገብርኤል በዓል ስለሆነ ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰው ነበር። አላለቀሱም። ካኪዬን አዩ፣ ኒሻኔን አዩ።

«ታደሰ?» አሉኝ። ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

እኔ ታደሰ የሚባል ሰው አላውቅም። «የምን ታደሰ? በቀለ ነው እንጂ፣ እማማ! የኮርያው በቀለ!» አልኳቸው።

ልቅሶው ባንዴ ጸጥ አለ። «በቀለማ ከሞተ አሥር ዓመቱ!» አለች አንዷ።

እማማ አስካለ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «በቀለ ነው? በቀለ ብቻ ነው?»

«በቀለ ብቻ ነው።»

እልልታቸውን አቀለጡት። ሦስት ጊዜ እልል ብለው አራተኛው ላይ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ዙሪያቸውን የቆምነውን አዩን። የልጃቸው ሞት ሲነሣ እልል ማለታቸውን እኛ ሰምተናል፤ እሳቸውም መስማታችንን አወቁ። ቀስ ብለው ተነሥተው ቤት ገቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ።

ጋሽ ደበላ የሚባሉ ጎረቤት፣ እዚያው ላፍቶ ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ፣ የኮቴን ኮሌታ ጨምድደው ያዙኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? በማለዳ፣ ካኪ ለብሶ፣ እያለቀሰ የሚመጣ ሰው ምን ሊል ነው የሚመጣው? አገርህ መርዶ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ!»

ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ታደሰ የበቀለ ታናሽ ወንድም ነው። ኮንጎ ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤው ተቋርጧል። ሠፈሩ በሙሉ መርዶ ነጋሪ የሚመጣው ዛሬ ነው ነገ ነው እያለ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ነበር የደረስኩት። አያችሁ እንግዲህ! ወጉን አንድም ሳላጓድል ነው ያጠፋሁት።

ሲቆጡኝ የነበሩት ጋሽ ደበላ ራሳቸው ቤታቸው ወስደው እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ፤ «ኧረ ተው፣ ጋሼ» ብል «ዝም በል፣ ደግሞ ልታለቅስ ነው?» አሉኝ። የጫማዬን ሶል ለመተካት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጠው በወስፌ ሰፉልኝ። ባለሙያ ነኝና አየሁት፤ ስፌቱ ከእኔ ይሻላል። ዓርብ ስለሆነ ባለቤታቸው ጎመንና ሽሮ አቀረቡ፤ እዚህም በርበሬ ያንሰዋል፣ ግን እንኳንስ ሽሮ፣ ዋልካውን ቢያቀርቡልኝ የምበላ ነበርኩ።

ወደ ስምንት ሰዓት እማማ አስካለ ጠሩኝ። ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ ብዬ ገባሁ። የታደሰን ደብዳቤዎች ከሣጥን አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። «ማንበብ ታውቅ የለ? አንብብልኝ» አሉ። ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል፤ ስሳሳት ያርሙኛል። አሥራ አንዱን አንብቤ ስጨርስ «ኮንጎ ከኮርያ ይብሳል?» አሉኝ። «አይብስም፣ እማማ» አልኳቸው። ምን አውቃለሁ እኔ? ስለ በቀለ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያን ጊዜ «ተራው የእኔ ነበር» ብል ለማን ይጠቅማል? አፌን ዘጋሁ። ዝናቡ ወረደ፣ ወንዙ ሞላ፣ ጋሽ ደበላ ቤት አደርኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

እማማ አስካለም ለዘማቾቹ መታሰቢያ ተጠርተው ነበርና አብረን ሄድን። ጋሽ ደበላ በቅሏቸውን ጭነው እስከ ንፋስ ስልክ አደረሷቸው፤ እኔ በጎማ ሶሌ ከኋላ። ከዚያ ሴይቼንቶ በሚሏት ትንሽ ታክሲ ተጨናንቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን።

ስለ ክብረ በዓሉ ብዙ የምላችሁ የለኝም። ዘማቾቹ በሁለት ረድፍ ተሰለፍን። ብዙዎቹን አላወቅኳቸውም፤ ወፍረዋል፣ ከስተዋል፣ አንዱ እጅጌው ባዶ ነው። አንድ መኮንን ጥላ ተይዞላቸው ንግግር አደረጉ። ዝናቡ ግማሹን ዋጠው፤ ግን «ጀግኖች» ባሉ ቁጥር ይሰማኛል፣ ጆሮዬም ይግላል። የሞቱት ስም ሲጠራ በቀለም ተጠራ። ቀና ብዬ እናቱን አየሁ። ከጥቁር ለባሾቹ እናቶች መካከል ቆመዋል፤ ስሙ ሲጠራ እጅ ነሡ፣ ሌላ ምንም።

ሰልፉ ሲበተን ወደ መኮንኑ ሄዱ። ደንግጬ ተከተልኩ። «ጌታዬ፣ ኮንጎ ያለው ልጄ…» ሲሉ ሰማሁ። መኮንኑ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ዝቅ ብለው ሰሟቸው፣ ስሙን አስጻፉ፣ «እንጠይቃለን፣ እናቴ» አሏቸው። እማማ መሬት ስመው ተመለሱ። ሲጠይቁ ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅ ስንት ጊዜ ጠየቁኝ መሰላችሁ!

ዝናቡ እስኪያባራ ቅጥሩ ሥር ተጠለልን። ያን ጊዜ፣ ሳላስበው፣ «ስለ በቀሌ ጠይቄህ አላውቅም አይደል?» አሉኝ። «ታዝበኸኝ ይሆናል። እሱ እንግዲህ ዐርፏል፤ ሐሳቤ ሁሉ እዚያኛው ጋ ነው። እስኪ ንገረኝ፤ እንዴት ሞተ?»

ነገርኳቸው። ተራው የእኔ እንደነበረ፣ ሆዴ ደህና እንደነበረ፣ ፈርቼ እንደዋሸሁ፣ እሱ «ተኛ» እንዳለኝ፤ አንድም ሳልደብቅ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ የተናገርኩት ለጫማዬ ነው ማለት ይቻላል። እርግማን ጠበቅኩ። ቢመቱኝም ዝግጁ ነበርኩ።

እሳቸው ግን ክንዴን ያዙኝ።

«እና ለታደሴስ?» አሉኝ። «እዚያም ተራውን የሚወጣለት ሰው ይኖር ይሆን?»

ኧረ የአምላክ ያለህ! ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው።

«ይኖራል፣ እማማ» አልኳቸው። «ወታደር እኮ ይተዛዘናል።»

«ተመስገን» አሉ፤ ክንዴን ለቀቁኝ። ጥቂት እንደቆዩ ግን «ምን አልኩ እኔ? እናት የለውም እንዴ ያም የሚወጣለት ልጅ?» አሉና ቅጥሩን ተደግፈው ማልቀስ ጀመሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ሲያለቅሱ ያየሁት ይህን ጊዜ ብቻ ነው። ለበቀለ ይሁን፣ ለዚያ ለማይታወቀው የሰው ልጅ ይሁን አላወቅኩም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አለቀስኩ። ለቅሶ ደረስኩ ከተባለ የደረስኩት እዚያ ነው።

ማታ ጋሽ ደበላ ቤት አብረን በላን። ስለ ሰብሉ ተወራ።

እሑድና ሰኞ፣ ሐምሌ 21 እና 22

እሑድ ማለዳ ሊሸኙኝ እማማ አስካለ እስከ ወንዙ ወጡ። ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝ። «ደብዳቤ ሲመጣ አጽፍልሃለሁ» አሉ። ጋሽ ደበላ ደግሞ «ሌላ ጊዜ ስትመጣ በቀትር ና፤ እየሳቅክ» አሉኝ። መንገዱ ያው ነው፤ ጉም፣ ጭቃ፣ የሞላ ወንዝ። ቁንጫውን ሽሽት ደብረ ሲና ሌላ ቤት አደርኩ፤ እዚያም ነበሩ። ዳቦውን ሮቢ ወንዝ ዳር ጨረስኩት። ሰኞ ማታ ደሴ ገባሁ።

ባለቤቴ ገና ኮቴን ሳላወልቅ «ነገርካቸው?» አለች።

«ነገርኳቸው።»

«ማሩህ?»

ይቅርታ መጠየቅ የሚባለውን ያን ጊዜ አስታወስኩት። ሦስት ቀን የተጓዝኩት ለእሱ ነበር፤ ከአፌ ግን አልወጣም። እማማ የጠየቁኝን ጥያቄና የመለስኩላቸውን ነገርኳት። ኮቴን ተቀብላኝ ቆመች፤ ጭቃውን በጥፍሯ ትፍቃለች።

«ይኖራል አልካቸው?»

«ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«ምንም። ደግ አደረግክ።» ኮቱን ሰቀለችው። «ግን ልጁ የበቀለ ወንድም አይደል እንዴ? ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ፣ የሰው ተራ የሚወጣው እሱ ነው እንጂ ማን ይወጣለታል?»

መንገዱን ሙሉ ሳስበው የመጣሁትን ነገር እሷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። እማማ አስካለም ሳያስቡት ይቀራሉ ብዬ አላምንም። ደብዳቤ እስካሁን አልመጣም።